የሦስት ቀን ፍርድ

የመንደሩ ሰው «ግማሽ ጺም» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ሰዓት ጠጋኙ ነው፤ በክፋት ሳይሆን ባየው ነገር ተነሥቶ። የሰው ፊት በማሳመር የሚተዳደር ሰው፣ እሱ ራሱ ግራ ጉንጩን ልጭት አድርጎ ቀኙን እንዳጎፈረ ሦስት ቀን ሙሉ በመንገዱ ላይ ሲንጎራደድ ሌላ ምን ይባላል?

ፀጉር አስተካካዩ የአሮጌ መላጫ ዕቃ ፍቅር አለበት። አያቶቻችን የተላጩበት ሳሙና፣ እጀታው ከቀንድ የተሠራ ምላጭ፣ ፀጉሩ የሳሳ ብሩሽ፣ ክዳኑ የዛገ የዱቄት ቆርቆሮ፣ እስከ ወገቡ የተነነ የሽቶ ብልቃጥ፤ ያገኘውን ሁሉ በራሱ ፊት ላይ ካልሞከረው እንቅልፍ አይወስደውም። የሚሞክረው በግራ ጉንጩ ብቻ ነው። «ቢቆጣ ግማሽ ፊቴ ይበቃዋል» ይላል። ከዚያ ሦስት ቀን ይጠብቃል። ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ስለ ዕቃው ክፉም ደግም አይናገርም፤ ቢለምኑትም፣ ቢያባብሉትም፣ ቢቆጡትም።

ይህን ልማድ ያስያዘው አንድ ጥፋት ነው። ሥራ ጀማሪ ሳለ አንድ የቆየ ሽቶ ከፍቶ ቢያሸተው ልብ ይሰርቃል፣ ቢቀባው ቆዳን ያለሰልሳል። በደስታ ብዛት በዚያው ቀን ለደንበኛው ቀባለት። በሦስተኛው ቀን የደንበኛው አንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ተላልጦ መጣ። ሰውየው አልከሰሰውም፣ አልሰደበውም፤ ዝም ብሎ አንገቱን አሳይቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ቶሎ የመጣ ቃል አያምንም፣ በተለይ ከራሱ አፍ የወጣውን። ይህን ታሪክ የነገረው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው።

እሷም ከመንገዱ ማዶ የጥንት ዕቃ የምትሸጠው ናት። ሱቁን የተወችላት አክስቷ ነች፤ የቻይና ሸክላውን፣ መብራቱን፣ የቆመውን ሰዓት፣ ከተዘጉ ቤቶች በሣጥን የሚመጣውን ኮተት ሁሉ። አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ፎቅና ምድር ያለው ቤት፣ በር ላይ ደወል፣ ግድግዳ ሙሉ የሕግ መጽሐፍ። ልጃቸው አቧራ ስታራግፍ መዋሏን «የእጅ ማፍታቻ» ነው የሚሉት፤ ስታገባ የምትተወው።

ከሁለት ዓመት በፊት ፀጉር አስተካካዩ በእንጨት ጎድጓዳ ሣህን የተቀመጠ ሳሙና ሊገዛ ወደ ሱቋ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ከሱቋ የወጣው በእግሩ ብቻ ነው። በመላጫ ዕቃ የተሞላ ሣጥን በመጣላት ቁጥር እሱ ይፈትናል፣ ውጤቱን በትንሽ ካርድ ይጽፋል፣ እሷ ካርዱን በክር አስራ ዕቃው ላይ ታንጠለጥላለች። «ሳሙና። እንደ ድንጋይ የጠነከረ። በሙቅ ውሃ አምስት ደቂቃ ሲርስ ልቡ ራርቶ አረፋ ሰጠ። ሽታው የተዘጋ ቁም ሣጥን። ግራ ጉንጭ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ አኮረፈ። ከሦስት ቀን በኋላ፦ ሰላም።» ከሥሩ የፀጉር ቤቱ ስልክ ቁጥር። ገዢ ከዕቃው ይልቅ ካርዱን መውደድ ጀመረ።

በካርዱ ጀርባ ግን ለገዢ ያልተጻፈ ነገር አንዳንዴ ይገኝ ነበር። «ትናንት ሰማያዊ ለብሰሽ ነበር፤ የሦስት ደንበኛ ፊት ወደ መስኮቱ አዙሬ ላጨሁ።» እንዲህ ያለውን ካርድ ስታገኝ የፊቱን ገጽ በሌላ ካርድ ላይ ትገለብጥና ዋናውን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ሦስተኛው ቀን ሲሞላ ደግሞ እሱ በሯ ላይ ቆሞ «እስቲ ፍረጂ» ይላታል። እሷ በእጇ ጀርባ ግራ ጉንጩን፣ ቀጥላም ቀኙን ትዳስሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ በላይ አልተነካኩም። ከሁለቱ አንዱ እንኳ አፍ አውጥቶ «እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ» አላለም። ነገሩ የተነገረ ያህል ሆኖ ነበራ።

እንዳልተነገረ የታወቀው ረቡዕ ዕለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት አዲስ ሣጥን ገብቶላት ነበር። ወረቀቱ ያልተቀደደ ሳሙና፣ ስለቱ ያልተነካ ምላጭ። ፀጉር አስተካካዩ ሳሙናውን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሸት እሷ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ታየው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር ከአእምሮዋ ጠፋ። የቀረላትን ተናገረች።

«የአባቴ ጓደኛ ልጅ ሊያገባኝ ጠይቋል። መሐንዲሱ።»

እጁ ሳሙናው ላይ ቆመ።

«ቅዳሜ ለምሳ ይመጣሉ። አባቴ እስከዚያ መልስ ይፈልጋል።» ቀና ብላ አየችው። «አንተ ምን ትላለህ?»

ልጅቷ ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ ስንት ዓመት አብሯት ያደገውን ኩራት እንደረገጠች እግዜር ነው የሚያውቀው። እሱ ሳሙናውን ቀስ ብሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሦስት ቀን ስጪኝ» አላት።

መጀመሪያ በደንብ የሰማች አልመሰላትም። «ምን አልክ?»

«ሦስት ቀን። ቅዳሜ እነግርሻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ቶሎ መናገር...»

«እኔ ሳሙና ነኝ?»

«እንደሱ አይደለም...»

«ሁለት ዓመት አልበቃህም? ሁለት ዓመት አይተኸኝ፣ አሁን ቆዳህ ይቆጣ አይቆጣ እንደሆነ ገና ልታይ ነው?»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሁለት ገዢዎች እየተሳሳቁ ገቡ። እሷ ወዲያው የሱቅ ፊቷን ለብሳ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። ዞር ስትል እሱ የለም። ሳሙናውን እንኳ አልወሰደም። ያን ቀን ስንት ሰው እንደገባ፣ ምን እንደሸጠች አታውቅም።

ሐሙስ መንገዱን አልተሻገረም። የፀጉር ቤቱ መጋረጃም ተዘግቶ ዋለ፤ ደንበኛ ሲገባ ሲወጣ ብቻ ይታያል። «ያስብ» ብላ ራሷን አጽናናች። ሲመሽ ግን ነገሩ ይከነክናት ጀመር። የሚወድ ሰው ምን ያስባል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሱቋ በር ላይ ቆማ ሳለ እሱ የቆሻሻ ውሃ ሊደፋ ወጣ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። መንገዱ ሰፊ አይደለም፣ ጮክ ብሎ ለተናገረ ሰው ሰላምታ ይሻገራል። እሷ እጇን ልታነሣ ጀምራ ነበር። እሱ ግን እንደተመታ ሰው ፊቱን አዞረና፣ ውሃውን ሳይደፋ ከነባልዲው ተመልሶ ገባ።

እጇ በግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሰዓት ጠጋኙ አይቶ እንዳላየ ሆኖ መነጽሩን ወለወለ። ይኼ ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳፈራት።

ማታ አባቷ ክፍል ገብታ ቆመች። ዳኛው ከአምስት ወር በፊት በድንገት የታመሙ ጊዜ ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን የተላጩ ሰው ስለሆኑ ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ለማንም አላስነኩም፤ ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል።

«አባዬ፣ ለመሐንዲሱ ቤተሰብ እሺ በላቸው።»

መጽሐፋቸውን ዘጉ። «በሙሉ ልብሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

የጠየቁት ስለ ልቧ ነበር፣ እሷ የመለሰችው ስለ ቃሏ። አርባ ዓመት ምስክር የሰሙት ሰውዬ ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ደስታው ጆሯቸውን ደፈነባቸው እንጂ። ግንባሯን ሳሟት። ክፍሏ ገብታ በሩን ስትዘጋ የበቀል ደስታ ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር። የተሰማት ብርድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባቷ ከፎቅ ተጣሩ። «ልጄ፣ ሙቅ ውሃ በሣህን አምጪልኝ። ልላጭ ነው።»

ገረማት። ደስም አላት። ውሃውን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አባቷ ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ይሰማታል። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ሳሙና ልጄ ናት ያመጣችልኝ፤ ካርድህ ታስሮባት ነበር። አነበብኩት። ማስረጃውን አስቀድሞ፣ ውሳኔውን አስከትሎ፣ አንድ ቃል ሳያስረዝም። ይህ ሰው ዳኛ ቢሆን ይግባኝ የሚል አይኖርም ነበር አልኩ። ስልክህ ከሥር ነበር፣ ደወልኩ።»

በሩን ስትገፋ ፀጉር አስተካካዩ ጀርባውን ሰጥቷት ፎጣ ያነጥፋል። ዞረ። ውሃው ከሣህኑ ፈስሶ እጅጌዋን አራሰው። ሣህኑን ሲቀበላት ዓይኑ ዓይኗ ላይ ቆየ። ቅሬታ አልነበረበትም። አንድ ትልቅ ነገር ሊናገር የመጣ ሰው ዓይን ነበር። እሷ ያስተዋለችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጉንጮቹን። ግራውም ቀኙም ያልተላጩ፣ የሦስት ቀን ጺም እኩል የወጣባቸው። ባወቀችው ሁለት ዓመት ሁለቱ ጉንጮቹ አንድ ዓይነት ሆነው አይታ አታውቅም።

«እዚሁ ሁኚ፣» አሏት አባቷ፤ «ፎጣውን ትይዥልናለሽ።»

ረጅሙን ጺም በመቀስ አሳጠረ። ብሩሹን አርሶ ሳሙናው ላይ አዞረው፤ አረፋው እየነጣ፣ እየወፈረ መጣ። የሽማግሌውን ፊት በቀስታ ቀባ። ምላጩን ስለት በሚሳልበት የቆዳ ጠፍር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሰና ከጆሯቸው ሥር ጀመረ። እጁ እንደወትሮው ነው፤ እርግት ያለ። ግራው ጉንጭ ተገልጦ አዲስ ሰው ብቅ አለ። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርጎ ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ አሳረፈ።

«ዛሬ ቤታችን ደስታ አለ፣» አሉ ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው። «ይህች ልጄ ትናንት ማታ እሺ አለችኝ። የእጮኛዋ ቤተሰብ ለምሳ ይመጣል።»

ምላጩ ቆመ።

እሷ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ከፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሲወጣ፣ ሲሄድ አየች። ምላጩን ከጉሮሯቸው ላይ በጣም ቀስ ብሎ አነሣ፣ በፎጣው ጠረገው፣ አጥፎ አስቀመጠው።

«ምነው?» አሉ ዳኛው ዓይናቸውን ገልጠው።

«ትንሽ ይታገሡኝ አባባ። እጄ እስኪሰክን።»

ሽማግሌው አንዴ እሱን፣ አንዴ በመስታወት ልጃቸውን አዩ። ለማየት ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ትተዋወቃላችሁ» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

«የሱቅ ጎረቤት ትውውቅ አይመስለኝም።»

እሷ አንገቷን ደፋች። የመለሰው እሱ ነው። «ረቡዕ ዕለት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሦስት ቀን ስጪኝ አልኳት። ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው። መልሴን ይዤ ወደዚህ ልመጣ ስል ስልክዎ ደረሰኝ፤ ዕድሌ ቀናኝ ብዬ ነበር።»

«መልስህን ዓርብ አይቻለሁ፣» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «ሰው ሁሉ እያየ ፊትህን አዞርክብኝ።»

«ካየሁሽ ሙከራው ይበላሽብኛል ብዬ ነው።»

«የምን ሙከራ?»

«ያለ አንቺ የመኖር።» አንድ እርምጃ አልቀረባትም፤ እዚያው ወንበሩ ጀርባ እንደቆመ ነው የሚናገረው። «ከእኔ ጋር ምን እንደምታጪ አውቃለሁ። ቤቴ አንድ ወንበር ናት። የምችል ከሆንኩ ልተውሽ፣ ከእሱ ጋር በሰላም እንድትኖሪ ብዬ ሞከርኩት። መንገዱን አልተሻገርኩም። በመስኮት አላየሁም። ካርድ አልጻፍኩም። ዓርብ ሳይሽ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ሸሸሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሞከርኩት።»

«እና?»

«አልቻልኩም። መልሴ ይኸው ነው።»

ልጅቷ የመጽሐፉን መደርደሪያ ያዘች። በዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳ ባይገባው እሷ ሊገባት ይገባ ነበር። ከመቶ በላይ ካርድ በእጇ አስራለች፤ በሁሉም ላይ «ከሦስት ቀን በኋላ» ይላል። የደንበኛውን አንገት ታሪክ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ይህ ለሳሙና እንኳ የማይዋሽ ሰው፣ ለእሷ ሊዋሽ እንዳልፈለገ ማየት አቅቷት አንድ ሌሊት ቀድማው ቃሏን ለሌላ ሰጠች።  

«አንድ ቀን፣» አለች። «አንድ ቀን መጠበቅ አቃተኝ።»

«ይብቃ» አሉ ዳኛው። ድምፃቸው ችሎት ላይ የነበረው ድምፅ ነው። «እኔ ፀጉር አስተካካይ ነው የጠራሁት፤ አማች አልጠራሁም። አንቺም ትናንት ማታ ቃሌ ነው ብለሽኛል። እኔም ለጓደኛዬ ቃሌ ነው ብያለሁ። በዚህ ቤት ቃል እንደ ካልሲ አይቀየርም።»

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን አልተቆጣም። «ልክ ነዎት» አለ። «የጀመርኩትን ልጨርስና እሄዳለሁ።»

ምላጩን ዘረጋ። አረፋው ደርቆ ስለነበር እንደገና አርሶ ቀባቸው፤ አልቸኮለም። ጉሮሯቸውን ከታች ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ቀኝ ጉንጫቸውን፣ ከዚያ ከአፍንጫ በታች ያለችውን አስቸጋሪ ቦታ። በክፍሉ ውስጥ የምላጩ ድምፅ ብቻ ነበር። እሷ ፎጣውን ይዛ ቆማ እጁን ታያለች። ያ እጅ ካርዶቹን የጻፈ ነው። አሁን ለሌላ የሚድሯትን የአባቷን አገጭ በሁለት ጣት ይዞ እንደ ሕፃን ያዘነብላል። እንባዋ በአገጯ ወርዶ ፎጣው ላይ ሲንጠባጠብ አባቷ በመስታወት አይተዋታል።

ሲጨርስ ፊታቸውን በሞቀ ፎጣ ሸፈነ፣ ገለጠ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በሩ ላይ ደርሶ ወደ እሷ ዞረ። «የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ» አላት። «ይቅር በይኝ።» ወረደ። የደረጃውን እያንዳንዱን እርምጃ ቆጠረችው፤ የውጭው በር ሲዘጋ አብሯት የነበረ ነገር ሁሉ የወጣ መሰላት።

ዳኛው በደህናው እጃቸው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። አገጫቸውን፣ ጉሮሯቸውን፣ ከጆሮ ሥር ያለውን። ደጋግመው ዳሰሱ።

«አንዲት ጭረት የለም» አሉ። «አየሽ? ምላጩ አንገቴ ላይ እያለ ነው ያን ነገር የነገርኩት። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ...» አልጨረሱትም። «ስድቤንም ሰምቶ ተመልሶ ላጨኝ» አሉ።

«አባዬ።»

«ስሚኝ። ደስ ብሎኝ አይደለም። አልመረቅኩሽምም፣ እንዳታስቢው። የምነግርሽ ሕግ ነው። ቃሉን የሰጠሽው ለእኔ ነው፣ ስለዚህ ለአንቺ መመለስ የምችለው እኔ ነኝ። መልሼልሻለሁ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ለእነሱ መናገር ግን የእኔ ሥራ አይደለም። እኔ ልደብቅሽ አልችልም፣ ሆዴም ዛሬ ለዚያ አቅም የለውም። አንቺው በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ዓይናቸውን እያየሽ።»

እግራቸው ሥር ተንበርክካ የታመመውን እጃቸውን ሳመችው። እጁ ምንም አልመለሰላትም። ሌላኛው ግን ቆይቶ ቆይቶ ፀጉሯ ላይ አረፈ።

ደወሉ ተደወለ።

ደረጃውን ስትወርድ ፊቷን በዚያው በረጠበው ፎጣ ጠረገች። ሳሙናውን ሳሙናውን ይሸታል። በሩን ስትከፍት መሐንዲሱ ቆሟል፤ እናቱ ከኋላው ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንገትጌው ትንሽ ጠብቆታል። ከሰላምታው በፊት «አባትሽ እንዴት አደሩ? እጃቸው ተሻላቸው?» አላት።

መጥፎ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት። ባለጌ ቢሆን፣ ኩራተኛ ቢሆን፣ የሚያስጠላ አንድ ነገር እንኳ ቢገኝበት እንዴት በቀለላት።

«ደህና ናቸው» አለች። «ግቡ» ማለት ሲገባት እሷ ወደ ውጭ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ መለስ አደረገችው። «ከሁሉ በፊት ለአንተ የምነግርህ ነገር አለ።»

ፈገግታው አልጠፋም። ደስ የሚል ወሬ እንደሚጠብቅ ሰው ራሱን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ሰጣት።  ተበደልኩ ስትል ሰንብታ፣ አሁን በዳይዋ እሷ ነበረች። ዓይኑን እያየች መናገር ጀመረች።